ክራሩ ቤት ሲገባ፦ ልጆችን ሙዚቃና ሌላ የትርፍ ጊዜ ትምህርት ለሚያስጀምሩ ወላጆች

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ክራር ትማራለች። ትንሹ 8 ዓመቱ ሲሆን በቫዮሊን ጀምሮ ወደ መሰንቆ ተሻግሯል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ቼዝ ይዟል። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሥራ ባልደረቦቼና ከጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል፦ ልጄን የት ላስመዝግብ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ ከመምህሩ ጋር የሚያሳልፈው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው ቤት ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ የሚጸናውም ሆነ የሚከስመው በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመመዝገቢያው ይልቅ ስለ ሳሎኑ፣ ስለ መክሰስ ሰዓቱና ስለ ጎረቤቱ ብዙ የምለው አለኝ።

መሣሪያውን መምረጥ

ልጅ መሣሪያ የሚመርጠው በድምፁ ወይም በመልኩ ተማርኮ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ዋጋውንና የሚይዘውን ቦታ ያያል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሆኖም የልጁ ሰውነት የሚፈቅደውም መታየት አለበት። ቫዮሊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መሣሪያው ከሙሉው መጠን ዝቅ እያለ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እየተባለ ለልጆች ይሠራል፤ ልኩም የሚወሰደው በዕድሜ ሳይሆን በክንድ ርዝመት ነው። ልጁ ቫዮሊኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ግራ እጁን ሲዘረጋ፣ የመሣሪያው የተጠማዘዘ ጫፍ መዳፉ ውስጥ ገብቶ ክርኑ ትንሽ ዕጥፍ ማለት ይኖርበታል። ክንዱ ተወጥሮም የማይደርስ ከሆነ መሣሪያው ትልቅ ነው። «ያድግበታል» ብሎ አንድ ቁጥር ጨምሮ መግዛት ለጫማ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ልጁ ትከሻውን እያነሣና አንገቱን እያጣመመ እንዲለምድ ያደርጋል፤ ያንን ልማድ ማስለቀቅ ደግሞ ከማስተማሩ ይከብዳል።

ጊታር ለሚፈልግ ልጅ የናይለን ክር ያለው ይመረጥ፤ የብረት ክር የጣቱን ጫፍ ስለሚያሳምመው በመጀመሪያው ሳምንት ሊያስጠላው ይችላል። ጥሩምባና ሳክስፎንን የመሰሉ በአፍ የሚነፉ መሣሪያዎች የፊት የወተት ጥርሶቹ ረግፈው ቋሚዎቹ በደንብ እስኪወጡ ቢቆዩ ይሻላል።

በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚገዛው ኪቦርድ ነው፤ እኛም ጋር እንዲሁ ነበር። የገዛሁት ርካሽና ትንሽ ነበር፤ ቁልፎቹም ከመደበኛው የጠበቡ ነበሩ። ልጄ በእሱ ላይ አራት ወር ከተለማመደች በኋላ እውነተኛ ፒያኖ ፊት ስትቀመጥ ጣቶቿ በለመዱት ርቀት እየዘለሉ አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ይመቱ ጀመር። ያን ቀን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ስትዞር ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ስለዚህ ኪቦርድ ሲገዙ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የቁልፎቹ ስፋት መደበኛ መሆኑን፣ ቢያንስ 61 ቁልፍ እንዳለው (ሙሉ ፒያኖ 88 አለው)፣ እንዲሁም ጣት ሲበረታ የሚጎላ፣ ጣት ሲለዝብ የሚለዝብ ድምፅ እንዳለው። በባትሪም የሚሠራ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ልምምድ አይቋረጥም።

ኪቦርድ ላለው ቤት አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከተጠቀሙ፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ከሚገኙበት ከመጀመሪያው ተነሥተው ወደ ቀኝ አምስት ቢቆጥሩ፣ የሚሰማው ሙሉ የትዝታ ቅኝት ነው። ኖታ ያልቆጠረ የስድስት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን በእነዚህ አምስት ቁልፎች ላይ የራሱን ዜማ መፈለግ ይችላል፤ ምንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። አያቱም ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ «ይሄማ የእኛ ነው» ይላሉ። ትምህርቱን ከባዕድ ዜማ መጀመር ግዴታ አይደለም።

ክራር ለመጀመሪያ መሣሪያነት የምመርጠው ከዚሁ የተነሣ ነው። ቀላል ነው፣ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ሲይዙ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ቅኝት ለመለወጥ ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ፤ ለምሳሌ ከሙሉ ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ልጁ ይህን በገዛ እጁ ሲያደርገው፣ ሁለት ክር ብቻ ላልቶ የዜማው ስሜት እንዴት እንደሚለወጥ በጆሮው ይረዳዋል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም በየተራቸው ይመጣሉ።

ክራር ሲገዙ በስጦታ ዕቃ መደብሮች የተሰቀሉትን ያማሩ ክራሮች ጥንቃቄ አድርገው ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ለግድግዳ ጌጥ የተሠሩ ስለሆኑ ቅኝት አይዙም። የሚጫወት ሰው ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ያ ካልሆነ ሻጩ ቃኝቶ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም ሌላ ጉዳይ ፈጽመው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ክሮቹን ይንኩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ካገኙት መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ ማለት ነው፤ ልጁም ከመጫወት ይልቅ በመቃኘት ይሰለቻል።

መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል፤ ጆሮን ግን ከሁሉም በላይ የሚፈትን እሱ ነው። ጣት ክሩን እንጨቱ ላይ አጥብቆ አይጫነውም፤ ይነካዋል እንጂ። ድምፁ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ምልክትም የለውም። በቫዮሊን ጆሮው የተገራ ልጅ ይጠቀምበታል፤ የእኔ ልጅ ሲሻገር ያየሁትም ይህንኑ ነው። ዋሽንት ርካሽና ለመያዝ የሚመች ነው፤ ሆኖም ቀዳዳዎቹ ለትንሽ ጣት የተራራቁ እንዳይሆኑ አጠር ያለ ይፈለግለት። በገና ግን ይቆይ። አሥር ክር ያለው፣ ቁመቱ ከትንሽ ልጅ የሚስተካከል መሣሪያ ነው፤ መንፈሳዊ መሣሪያም በመሆኑ የሚጠይቀው እርጋታ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ይመቻል። ልጁ ከወደደው ማስደመጥ እንጂ ማስቸኮል አያስፈልግም።

ከቆዳ የተሠራ መሣሪያ ያለው ቤት ክረምትን ማወቅ አለበት። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ ድምፁም ይደነዝዛል። ልጄ በሐምሌ አንድ ቀን «መሰንቆዬ ጉንፋን ያዘው» ብሎ አመጣልኝ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ከሰል ላይ ማስጠጋት ግን እንጨቱን ይሰነጥቃል። የደጋኑ ጭራም ሮዚን የሚባለው ደረቅ የዛፍ ሙጫ ካልተቀባ ድምፅ አያወጣም። ቫዮሊን የገዛን ዕለት ይህን ባለማወቃችን ልጁ አዲሱን ደጋን ሲስበው ክሩ ላይ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ድምፅ አልባ ሆነ፤ «ተበላሽቷል» ብሎ ሁለት ቀን አዘነ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ከሳጥኑ ጥግ ትንሿን ሙጫ አውጥተው ጭራው ላይ አሥር ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች አሹበትና መለሱለት። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ የልጁ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

መምህር ሲፈልጉ

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው እንዲመለከቱ ይጠይቁ። ይህን የሚከለክል ቦታ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ፤ ምክንያቱም የትንሽ ልጅ ትምህርት በሩ ክፍት ሆኖ ወይም ወላጅ በሚያይበት ቦታ መሰጠት አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አይያዝዎ። ሲመለከቱ ልጁ ከሰዓቱ ምን ያህሉን እንደሚጫወት ይቁጠሩ። መምህሩ ጥሩ ተጫዋች ሆነው ግማሹን ሰዓት እሳቸው ከተጫወቱ ልጁ ተመልካች ሆኖ ይመለሳል። በተጨማሪም መሣሪያውን የሚቃኘው ማን እንደሆነ ይዩ። ዘወትር መምህሩ የሚቃኙለት ልጅ ቤት ሲመጣ የተበላሸ ቅኝት ይዞ ይቀመጣል። በየሳምንቱ አንዷን ክር እንኳ ልጁ እንዲቃኝ የሚፈቅዱ መምህር ትዕግሥት አላቸው ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊንን ከክራር፣ ከመሰንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር ስለሚያስተምር፣ ከዚያ የወጡ ወጣት መምህራን በከተማው አሉ፤ ለቤት ለቤት ማስተማርም ፈቃደኛ የሆኑ ይገኛሉ። ገንዘብ የሚያሳስበው ቤተሰብ ደግሞ በእጁ ያለውን አይናቅ። አንዳንድ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከመዝሙርና ከከበሮ አልፈው በገናም ያስተምራሉ፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ኪቦርድና ጊታር ተጫዋቾች የጀመሩት ከኳየር ጎን ቆመው ነው፤ መንዙማ በሚባልበት ቤት ያደገ ልጅም ምትን ተቀባብሎ ማስኬድን በጆሮው ይዞ ያድጋል።

ክፍያን በየወሩ ቢያደርጉት ይመረጣል። እኔ በአንድ ወቅት ቅናሽ አለው ተብዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ ነበር፤ በሁለተኛው ወር መምህሩ ለቀቁ፣ በምትካቸው የመጡት ደግሞ ልጄ የምትማረውን መሣሪያ የማያውቁ ሆኑ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከዚያ ይበልጥ ያሳዘነኝ ልጅቷ «ስላልቻልኩ ነው የሄዱት?» ብላ መጠየቋ ነው።

ርቀትንም አቅልለው አይዩት። ቅዳሜ በትራፊክ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ያሳለፈ ልጅ ጣቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት ደክሟል። በእግር የሚደረስበት መካከለኛ መምህር ከተማ አቋርጦ ከሚገኝ ስመ ጥር መምህር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ክራሩን በሚኒባስ ለማመላለስ ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ብርድ ልብስና ከሸራ ማንገቻ ያለው ከረጢት ሰፍተውልናል፤ ከገዛነው ሁሉ የበለጠ ያገለገለን እሱ ነው።

ቤት ውስጥ፦ ቦታና ሰዓት

መሣሪያ በከረጢቱ ውስጥ አልጋ ሥር ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት ቦታ ጠባብ ቢሆንም ግድግዳ አለ፤ ክራሩን በልጅቷ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀልኩት። በሳምንቱ ውስጥ ሳትታዘዝ የምታነሣው ጊዜ ብዙ ሆነ፤ አንዳንዴ ለሁለት ደቂቃ፣ ቲቪው ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ። ይህ ሁለት ደቂቃ ተራ ነገር አይደለም።

ዋናውን የልምምድ ሰዓት «በ11 ሰዓት» ብሎ ከመወሰን ይልቅ ዘወትር ከሚሆን ነገር ጋር ማሰር ይበጃል። በእኛ ቤት መክሰስ ተበልቶ እጅ እንደታጠበ ነው፤ የቤት ሥራ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ቀድሞ ከቤት ሥራ በኋላ አድርገነው ነበር፤ ሁልጊዜ ድካም ይበላው ነበር። ርዝመቱ አጭር ይሁን፦ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ 20 ደቂቃ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በሳምንት አምስት ቀን። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ማስጨነቅ የቀሩትን ቀናት አይተካም፤ ጣት እየተኛ እየነቃ ነው የሚማረው። የፈተና ሳምንት ሲመጣ ልምምዱን አቁሙት አልልም፤ ወደ አምስት ደቂቃ ዝቅ ያድርጉት እንጂ። ሙሉ በሙሉ የተቋረጠን ልማድ መልሶ ማስነሣት ከባድ ነው።

ጎረቤትን አስቀድሞ ማነጋገርም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ቫዮሊን በጀማሪ እጅ ግድግዳ ያልፋል። እኔ ከመጀመራችን በፊት ከበላያችን ወደሚኖሩት እትዬ ዘንድ ልጁን ይዤ ወጣሁና «ልጅዎ ሙዚቃ ሊጀምር ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይጫወትም፤ የሚረብሽዎ ቀን ካለ ይንገሩን» አልኳቸው። ስቀው «ምነው ልጄ፣ ለዚህ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል?» ብለው ሸኙን። ግን ከሁለት ወር በኋላ የልጃቸው ልጅ አራስ ሆና ስትመጣ ራሳቸው ወርደው ነገሩን፤ እኛም ልምምዱን ለአርባ ቀን ወደ እናቴ ቤት አዛወርን። ያን ንግግር ቀድመን ባናደርግ ኖሮ ነገሩ በቅያሜ ይጀመር ነበር።

ማዳመጥ

ወላጅ ሙዚቃ ባያውቅም ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ ማዳመጥ ነው። ልጄ ክራር ስትለማመድ እኔ ብዙ ጊዜ ሽንኩርት እከትፋለሁ ወይም ምስር እለቅማለሁ፤ ፊቷ ላይ አፍጥጬ አልቀመጥም። ጆሮዬ ግን እሷ ጋር ነው። በልጆች ልምምድ ውስጥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደጋገማል፦ ዜማውን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ፣ ተመልሰው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ እዚያው ቦታ ይደናቀፋሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መግቢያውን ሃያ ጊዜ፣ ከባዱን ቦታ ደግሞ አንድም ጊዜ በትክክል ሳይጫወቱት ይነሣሉ። ልምምድ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ለማንም ወላጅ ይቻላል። «የምትቆሚበትን ቦታ ብቻ አሳዪኝ» ይበሉ። ከዚያ ከቦታው በፊት ሁለት ድምፅ፣ ከቦታው በኋላ ሁለት ድምፅ ይዛ፣ እጅግ በዝግታ አራት ጊዜ ትጫወተው። አንድ ምሽት ልጄ በክራር ግርፍ እየተለማመደች ነበር። በዚህ አጨዋወት ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች አብሮ ሲመታ፣ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ፤ የሚፈለገው ክር ጣት ብቻ ይነሣል። እሷ የቀለበት ጣቷን ልታነሣ ስትል ትንሿ ጣትም አብራ ትነሣባት ስለነበር ሁለት ክር ይጮህባት ነበር። ዜማውን ተውነውና ያንን ጣት ብቻ፣ ክሩን ሳትመታ፣ ጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ ጣለች፤ አነሣች። ፊቷ በሥራው ተይዞ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሎ ነበር። በአራተኛው ቀን ድምፁ ጠራ። እኔ ከኩሽና «አሁን አንድ ክር ብቻ ተሰማኝ» አልኩ። እሷም «አንቺም ሰማሽው?» አለች።

ምስጋናው እንዲህ ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል። «ጎበዝ» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ነገር ከተባለ ልጁ ያልሰማነውን እንዳመሰገንን ያውቃል። የሰሙትን ነገር ለይተው ይንገሩት። እርማትን ደግሞ ለመምህሩ ይተዉለት፤ በተለይ እርስዎ ራስዎ መሣሪያውን የሚያውቁ ከሆነ ይህ ራስን መግዛት ይጠይቃል። በወር አንድ ጊዜ በስልክ ቀድተው ቢያስቀምጡለት ልጁ የመስከረሙን ድምፁን በታኅሣሥ ሰምቶ መሻሻሉን በራሱ ጆሮ ይፈርዳል። ስልኩ ለመቃኛም ይጠቅማል፤ ግን ልጁ መጀመሪያ በጆሮው ቃኝቶ ከዚያ በመተግበሪያው ያመሳክር፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጆሮው ሥራ ይፈታል።

እንግዳና ዘመድ

«እስቲ ተጫወቺላቸው» የሚለው ትእዛዝ በእኛ ቤቶች የተለመደ ነው። እንግዳ ተቀምጦ፣ ቡና እየተቆላ፣ ልጅቱ ሳትዘጋጅ ትጠራለች፤ ትሳሳታለች፤ አንድ ሰው ይስቃል። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክራሩ ከግድግዳው ይወርድና ይደበቃል። ስለዚህ አስቀድመው ለብቻዋ ይጠይቋት፤ «አይ» ካለች መልሱ እሱ ነው። በእኛ ቤት እሑድ እናቴ ስትመጣ፣ ልጆቹ ከፈለጉ፣ በቶናው ላይ አንድ ዜማ ይጫወታሉ። አቦሉ ላይ ሰው ገና ወሬ አልጠገበም፤ በረካው ላይ ደግሞ ለመሄድ ይነሣል። አንድ ዜማ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ለምታውቃቸው ጆሮ። ለበዓል መዘጋጀትም ልጆችን በጣም ይረዳል፦ ለቡሄ በየደጁ የሚጨፈረውን ወይም ለእንቁጣጣሽ ሴት ልጆች አበባ ይዘው የሚሉትን ዜማ በመሣሪያ ለማውጣት የተነሣ ልጅ ቀን የተቆረጠለት ግብ አለው።

ከዚህ የከበደው የአያቶች ጥያቄ ነው። አባቴ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሲያይ «ልጅቷን ለአዝማሪነት ነው እንዴ የምታሳድጊያት?» ብሎኝ ነበር። ይህ አነጋገር በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ልጅ ፊት ሲባል ደግሞ ያቆስላል። ለልጄ ለብቻዋ፣ አዝማሪ የሕዝብን ታሪክና ቀልድ፣ ሐዘንና ትችት በግጥም ይዞ የዘለቀ ባለሙያ እንደሆነና ስሙ ስድብ ሊሆን እንደማይገባ ነገርኳት። ከአባቴ ጋር ግን አልተከራከርኩም። ሁለት ሰዎችን አነሣሁለት። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የጀመሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ምንኩስናን ከፒያኖ ጋር አጣምረው ኖረዋል። ሙላቱ አስታጥቄም በዌልስ ምህንድስና እንዲማር ተልኮ ነው ወደ ሙዚቃ የዞረው፤ በኋላ የደረሰበትን አባቴ ራሱ ያውቃል። አባቴ ወዲያው አላመነም። በዐቢይ ጾም ሬዲዮ ላይ በገና ሲሰማ ግን የልጅ ልጁን ጠርቶ «ይኼን ትችይዋለሽ?» አላት። «ገና ነኝ፣ አባባ፤ ክሩ አሥር ነው» አለችው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርቱ የሚያደርሳት እሱ ነው።

ሌሎቹ ፍላጎቶች

ልጅ አዲስ ነገር መሞከር ይወዳል፤ ደግሞም መሞከር አለበት። ችግሩ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ዋና፣ ከሰዓት ሥዕል፣ እሑድ ቴኳንዶ፣ በመካከሉ ሙዚቃ ሲደራረብ ነው። እኔ የምከተለው መለያ አንድ ነው። አንዳንድ ትምህርት በየቀኑ የቤት ልምምድ ይፈልጋል፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ እዚህ ይመደባል። ዋና፣ እግር ኳስ፣ ጂምናስቲክ ደግሞ እዚያው ቦታው ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ለአንድ ልጅ ከመጀመሪያው ዓይነት አንድ፣ ከሁለተኛው አንድ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ለጀማሪ አይሆንም። ቼዝ መሀል ላይ ነው፤ ልጄ ከአጎቱ ጋር በየማታው አንድ ጨዋታ ስለሚጫወት እንደ ልምምድ ሳይሆን እንደ ወግ ሆኖለታል። ምንም የማይሠራበት ባዶ ከሰዓት በኋላም በሳምንት ይተዉለት።

እኅቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጇ እዚህ አዲስ አበባ ካሉ መምህር በቪዲዮ ክራር ይማራል። እንዲህ ለሚያደርጉ ቤተሰቦች ሁለት ነገር ልንገራቸው። በቪዲዮ ድምፅ ስለሚዘገይ መምህርና ተማሪ አብረው መጫወት አይችሉም፤ መምህሩ ይጫወታሉ፣ ልጁ ይመልሳል፤ ትምህርቱ በዚያ መልክ መዘጋጀት አለበት። ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። በእነሱ ቅዳሜ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ፣ በክረምታቸው፣ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ግን እዚህ 10 ሰዓት ይሆናል። የእኅቴ ልጅ ለውጡ በተደረገ በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሩን አንድ ሰዓት ጠብቆ ተኝቷል።

ማቆም ሲፈልግ

«አልፈልግም» የሚለው ቀን ይመጣል። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ሲጀመር፣ ከልጁ ጋር ጊዜ ይቁረጡ፦ አንድ ክረምትና ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ ለእኔ ተስማምቶኛል። እስከዚያ ድረስ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ማቆም መብቱ ነው፣ ወቀሳም አይከተለውም። በተቆጣበት ወይም በተሳሳተበት ማታ ግን አይወሰንም። የያዘውን ዜማ ይጨርስ፤ ለምታዳምጠው አንዲት ሰው ይጫወተው፤ ከዚያ ይወስን። ምክንያቱንም ሳይቸኩሉ ይስሙ፤ «ሙዚቃ ጠላሁ» ያለው ልጅ የጠላው የመምህሩን ቁጣ፣ ወይም የቅዳሜ ኳስ ስለሚያመልጠው የክፍሉን ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ልጄ ቫዮሊኑን ያቆመው በዚህ መንገድ ነው። ይማረው የነበረውን ዜማ ለአያቱ ተጫውቶ ሳጥኑን ዘጋ፤ በሳምንቱ መሰንቆ እንደሚፈልግ ነገረን፤ ምክንያቱም «እሱ ብቻውን ያወራል» አለ። ሩብ ቫዮሊኑ ስድስት ወር አቧራ ሲለብስ ቆይቶ፣ ከታች ካለው ፎቅ የጎረቤታችን ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት ወደ እሷ ሄደ። ልጄ ራሱ ክንዷን ለክቶ መዳፏ ጫፉን መያዙን አረጋገጠ። የተበጠሰውን ቀጭን ክር ቀየርንለት፤ ሙጫው የት እንዳለም እሱ አሳያት።